የጨለማው አዳራሽ ዕቃ ያዥ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ጠዋት ግን የእሷ ጆሮ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ዕቃ ቤት ውስጥ ተንበርክካ የካሜራውን ባትሪዎች ከሶኬት እየነቀለች በጨርቅ ትጠቀልል ነበር። ዕቃ ቤቱን ከሳሎን የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ እንኳን ስልክ፣ የሰው ማዛጋት ያሳልፋል። ታላቅ ወንድሟ ከወዲያ ማዶ በስልክ ያወራል፤ ለሥራ ሲሆን ብቻ በሚያወጣው ወፍራም ድምፁ።

«ብቻዬን ነው የምሠራው» አለ። ከወዲያ ሌላ ነገር ተጠየቀ መሰለ። «እሷማ እህቴ ነች፤ ዕቃ ትይዝልኛለች። ከዛሬ በኋላ አትመጣም። ቅጥሩ የአንድ ሰው መሆኑ ገብቶኛል።»

ባትሪውን እንደያዘች ቀረች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት አልነበረም፤ እፍረት ነበር፤ ሰው ቤት ሳታንኳኳ የገባች ይመስል። ንዴቱ በኋላ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ተረጋግቶ ነው የመጣው። ምክንያቱም ወንድሟ ዳፍንት አለበት። ቀን ቀን ዐይኑ የጭልፊት ነው፤ ብርሃን ሲደክም ግን ከፊቱ በር ይሁን ገደል አይለይም። በጨለማ የሚወጡ እንስሳትን በማንሳት ስም ያተረፈው ካሜራማን ዳፍንታም መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሱና እሷ። ሚስቱ እንኳን አታውቅም። ሚስቱማ ሲመሽ ከቤት ንቅንቅ የማይል ባል ስለሰጣት ፈጣሪዋን ታመሰግናለች፤ ጎረቤቶቿ «ከየት አገኘሽው?» እያሉ ይቀኑባታል። ለሥራ የሚያመሽ ቀን እህቱ አብራው ስለምትሄድ ደግሞ ጨዋነቱ እጥፍ ይሆናል።

አሠራራቸው ቀላል ነው። እሷ ቦርሳውን ተሸክማ ከኋላው ትቆምና የጃኬቱን ጫፍ ትይዛለች። ወደ ቀኝ ስትስበው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትስበው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ታች ስትጎትተው ይንበረከካል። ካሜራው ለሰው ዐይን በማይታይ ብርሃን ስለሚያይ፣ አንዴ አቅጣጫውን ካገኘለት ወዲያ ስክሪኑ ላይ ያለውን እሱ ራሱ ይከታተለዋል፤ ሥራውንም ያውቅበታል፤ ይህን እሷም አትክድም። እንስሳው የቱ ጥግ እንደተደበቀ፣ ግድግዳው የት እንደሚያልቅ፣ ደረጃው የት እንደሚጀምር የምታየው ግን እሷ ነች። ሰው እንዳይጠረጥር «ዕቃ ያዥ ነች በላቸው» ያለችውም ራሷ ነበረች። ያን ጊዜ በነገሩ ተሳስቀዋል። ዛሬ ያ ቀልድ ከጣውላው ማዶ እውነት ሆኖ ተነገረ፤ የራሷን መጥለፊያ ገመድ ራሷ እንደገመደችው የገባት ባትሪውን እንደታቀፈች ነው።

ቁርስ ላይ ስለ ስልኩ ያነሳ የለም። ዳቦና ሻይ ነበር። የወንድሟ ሚስት ዳቦውን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ «ይኼን ዳቦ ብለው ይሸጡታል! ዋጋው ሲወጣ እሱ ይወርዳል» አለች። ማንም አልሳቀላትም። ከዚያ ወሬዋ ወደ ቤት ኪራይ ዞረ፤ ቅጥሩ ከጸደቀ ከዚህ ሰፈር እንደሚወጡ፣ ከዋናው መንገድ በታች ፀሐይ የሚገባው ቤት እንዳየች፣ የቤቱ ባለቤትም ውኃው እንደማይቋረጥ እንደማለላት አወራች። «ለእኛ ሁለት ክፍል ይበቃናል» አለች፤ ወዲያው ምላሷን ነክሳ ሻይ ልትቀዳ ተነሳች። ሁለት ክፍል ማለት አንዱ መኝታ፣ አንዱ ሳሎን ነው። እህትየዋ የምትተኛው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በቦርሳዎቹና በካሜራ እግሮቹ መካከል ነው። ሻዩ እስኪሞላ ሦስቱም ብርጭቆውን ያዩ ነበር። እናም ነገሩ በአንድ ጠዋት ተጠቃሎ ፊቷ ተቀመጠ፤ ሥራዋም፣ የምትተኛበት ጥግም ዛሬ በሚነሳው ፊልም ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ወንድሟ ብቻውን ከተሳካለት ሁለቱም የሉም።

«ጋሼ፣ ጃኬትህ» አለችው ሲወጡ።

«ይሞቃል። በሹራብ እሄዳለሁ።»

ሹራቡ አጭርና ከወገብ ላይ የጠበቀ ነው፤ የሚያዝ ጫፍ የለውም። ጃኬቱን መስቀያው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ በመስኮት በኩል፣ እሷ ከነቦርሳው። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎች ከወንድማቸው ጎን ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም፤ የእነሱ ዝምታ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ሳይደርሱ ነቅዟል። ረዳቱ የታሪፍ ጭማሪ አለ ብሎ ከፊት ካሉት ጋር ሲጨቃጨቅ እንኳን፣ ለወትሮው ጣልቃ ገብቶ የሚያሾፈው ወንድሟ አንገቱን አላዞረም። ሊወርዱ ሲሉ ብቻ፣ ዐይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል ተናገረ።

«ዛሬ በሩ ጋ ቁሚ። አዳራሹን አጥንቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት። መብራቱ ሳይጠፋ ገብቼ እያንዳንዷን ገንዳ ዳሰስኩ።»

«ገንዳዎቹን አጠናህ እንበል። እንስሶቹስ? እነሱ ይንቀሳቀሳሉ እኮ ጋሼ።»

«ስክሪን አለኝ» አለና ወረደ።

ቅጥሩ የወጣበት አኳሪየም የውኃ እንስሳት በገንዳ የሚጎበኙበት ቤት ነው፤ እዚያ ቀንና ሌሊት ቦታ ተለዋውጠዋል። በሌላው አዳራሽ ሁሉም እንደ ሰው ነው፤ ይህ አዲስ አዳራሽ ግን የሌሊት እንስሳት ስለሆነ ማታ ማታ መብራቱ ቦግ ብሎ ያድራል፤ እንስሶቹ ቀን መስሏቸው ይተኛሉ። ጠዋት መብራቱ ይጠፋል፤ እነሱም መሸ ብለው ይወጣሉ። ጎብኚ የተኙትን ለማየት አይከፍልምና። አዳራሹ ገና አልተመረቀም፤ መግቢያው ላይ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቅለዋል፤ ስክሪኖቹ ላይ የሚታየውን የሚያነሳ ቋሚ ካሜራማን ይፈለጋል። የዛሬው ሥራ ፈተናው ነው።

ሥራ አስኪያጇ የቁልፏ ድምፅ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ ፈጣን ሴት ናት። ወንድምየውን በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ እህትየዋን በአገጯ ወደ ጥግ አመለከተቻት። «እርስዎ በዚህ ይምጡ። አንቺ፣ ዕቃውን እዚያ አስቀምጪ።» ከዚያ ደንቡን ተናገረች፤ ስልክ ይዘጋል፣ ክብሪትም የእጅ ባትሪም የለም፣ ማብሪያውን የነካ ሰው ዳግመኛ እዚህ አይገባም። «ነዛሪው የሚቀለበው በሳምንት አንድ ቀን ነው። መብራት ካየ ቧንቧው ውስጥ ይገባና የቀረበለትን ጥሎ ይውላል። ምርቃቱ በዚህ ሳምንት ነው፤ ዛሬ ካመለጠን አለቀ።»

ነዛሪው አምባዛ ነው፤ ግን የነካውን እንደተላጠ ሽቦ የሚነዝር አምባዛ። እንስሶቹን የሚመግበው ሰውዬ፣ በቤቱ ቀላቢው ነው የሚሉት፣ ስለ እሱ ሲያወራ ስለ ባለጌ አማች የሚያወራ ይመስላል። «አንድ ቀን ክንዴን ነካ አደረገኝ» አለ ባልዲውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እያዘዋወረ። «ስነቃ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ውኃው ውስጥ ወድቄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔን ነበር የምትቀልቡለት።» ወንድምየው ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ።

በሁለት ወፋፍራም መጋረጃዎች መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ዐይናቸው እስኪለምድ ተቀመጡ። የሰው ልጅ ጨለማ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አያይም፤ ትንሽ ከታገሠ ጨለማው ይላላለታል። ለእሷ ሁልጊዜም ቶሎ ነው የሚላላላት። ልጅ ሆና መብራት በጠፋ ቁጥር ክብሪት ፈልጊ የምትባለው እሷ ነበረች፤ ወንድሟ «ድመቴ» ያላት ያን ጊዜ ነው። አሁን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስታየው፣ ልክ እንደሌሎቹ ዐይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል፤ እየለመደለት እንዳለ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ይህን ማስመሰል ያስተማረችው ራሷ ናት። «እሺ፣ ለምዶልኛል» ሲል አዘነችለት፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ይውደቅ ብላ ተመኘች። ሁለቱንም ከልቧ ነው።

ገቡ። እሷ ከመጋረጃው ትይዩ፣ በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ካለው በር አጠገብ፣ ማብሪያው ካለበት ግድግዳ ሥር ቆመች። ወለሉ አጠገብ ፍም የሚያህሉ ቀያይ አምፖሎች አሉ፤ እንስሶቹ ቀይ አያዩም። ለሚያውቅበት ሰው ያ ብርሃን ይበቃል። ወንድሟ ግራ እጁን ብረት ድጋፉ ላይ አድርጎ መራመድ ጀመረ፤ እግሩን ሳይጎትት፣ ሳይቸኩል። የመጀመሪያው ገንዳ ጋ ቆመ። አንድ ትልቅ ሸርጣን ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ አሸዋውን በጥፍሮቹ እየቆነጠረ ወደ አፉ ይልካል። ካሜራውን ከፍ፣ ዝቅ፣ ወዲያ ወዲህ አድርጎ በስክሪኑ ፈለገው፤ አገኘው። ቀጥሎ እባብ የመሰለው ረጅም አሣ ነበር፤ እሱንም ትንሽ ቆይቶ አገኘው። ሥራ አስኪያጇ በትከሻው ላይ አሻግራ ስክሪኑን አየችና «ግሩም ነው» ስትል ሹክሹክታዋ እስከ በሩ ተሰማ። እህትየዋ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ተናደደች። እጆቿ የሚይዙት አጥተው ከጎኗ ተንጠልጥለዋል። እስከዛሬ ያለ እኔ አንድ እርምጃ አይራመድም ስትል የኖረችው ለካ ለራሷ የምትነግረው ተረት ኖሯል፤ አዳራሽ የሚጠና ነገር ከሆነ እሷ የምትጠቅመው ለምንድን ነው? ነገ ጠዋት ዕቃ ቤቱን ለቃ የት እንደምትሄድ አሰበች፤ የመጣላት የአንድም ሰው በር አልነበረም።

ብረት ድጋፉ የሚያልቀው የነዛሪው ገንዳ ጋ ነው። ገንዳው እንደሌሎቹ ግድግዳ ላይ አይደለም፤ ወለሉ ላይ የተሠራ ሰፊ ኩሬ ነው፤ ዙሪያው እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ከንፈር አለው፤ ከላዩም ሰው ቢቆምበት የማይሰበር ወፍራም የመስታወት ክዳን። ወንድሟ ትናንት ይህንንም አጥንቷል፤ ከሩቅ ሆና እንኳን አጠናኑ ገባት። ግራ እጁን ክዳኑ ላይ ይደገፋል፣ በእሱ ላይ ክብደቱን ጥሎ ይንበረከካል፣ ካሜራውን በቀኝ እጁ ወደ መስታወቱ ያስጠጋል። ቀላቢው ከወዲያ ማዶ ባልዲውን አዘንብሎ ትንንሾቹን አሣዎች ለቀቃቸው። ውኃው ተንቦጨቦጨ። ከቧንቧው ውስጥ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ካልሲ የመሰለ፣ ጢማም፣ ዐይኑ ከመርፌ ቀዳዳ ያልበለጠ ነገር ቀስ ብሎ ብቅ አለ። እሷ የውኃውን ድምፅ ስትሰማ ነበር አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ የታወቃት፤ ድምፁ ከመስታወት በታች የታፈነ አልነበረም። ዐይኗን አሻግራ ላከች። ክዳኑ ተነስቶ ከግድግዳው ጋር ቆሟል። ለሥዕሉ ጥራት ሲባል፣ መስታወቱ እንዳያብረቀርቅ፣ ጠዋት አንስተውታል። ለሚያየው ሰው መንገር ለምን ያስፈልጋል?

ወንድሟ ግራ እጁን ዘረጋ። መዳፉ ተከፍቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትከሻው አብሮት ያዘነብላል፤ ሊደገፍ ነው። ከእጁ በታች ውኃው ነው፤ ከውኃው በታች ነዛሪው ነው።

«ጋሼ!» ብላ ብትጮህ ይበቃ ነበር፤ ይህን በኋላ ነው ያሰበችው። ያን ጊዜ ግን ከአፏ ቀድሞ እጇ ግድግዳው ላይ ወዳለው ማብሪያ ሄደ።

አዳራሹ ቦግ አለ። ነዛሪው አንዴ ተወራጭቶ ቧንቧው ውስጥ ገባ። ሸርጣኑ፣ ረጅሙ አሣ፣ ስማቸውን የማታውቃቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ሥራ አስኪያጇ ሁለት እጇን ዐይኗ ላይ አድርጋ «ማነው? ማነው?» ትላለች። ወንድሟ ግን ብርሃን አግኝቷልና ከሁሉም ቀድሞ ያየው እሱ ነበር። መዳፉ ከውኃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቆሟል። አየው። ከግድግዳው የቆመውን ክዳን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ እህቱን፣ ጣቷ ገና ከማብሪያው ሳይነሳ አያት። ከላብ የተነሳ ፊቱ ያብረቀርቅ ነበር። ሁሉም ነገር እንደገባው ገባት፤ እሷ ይህን ማወቋንም እሱ አወቀ።

«ማነው ያበራው?» አለች ሥራ አስኪያጇ ለሦስተኛ ጊዜ።

«እሷ ነች» አለ ወንድሟ። ድምፁ ወፍራሙ ነበር። «ነግሬዎታለሁ እኮ። ዕቃ ያዥ ነች፤ ደንብ አታውቅም።»

ዐይኑን በጨው ታጥቦ ማለት እንዲህ ነው፤ ግን ደግሞ ዐይኑ ራሱ፣ ያ ቀን ቀን ጭልፊት የሚሆነው ዐይኑ፣ ውኃ ሞልቶ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወደ መጋረጃው እያመለከተች «ውጪ» አለቻት። ከዚያ ወደ ወንድምየው ዞረች፤ «ከእርስዎ ጋር ስንጨርስ ስለ እሷ እንነጋገራለን። አጥፉት! ርቦታል፤ ምናልባት ተመልሶ ይወጣ ይሆናል።» እህትየዋ በወንድሟ አጠገብ ስታልፍ አላያትም። ከኋላዋ ማብሪያው ቀጭ አለ።

በሁለቱ መጋረጃዎች መካከል ያለችው ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ዐይኗን ጨፈነች። አሁን ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ ወንድሟ ናቸው፤ ከዚያ ብርሃን በኋላ ማንም ምንም አያይም። ለጥቂት ጊዜ ከእሱ የሚሻል ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም። ከዚያ ግን የእነሱ ዐይን ይለምዳል። ይህን እያሰበች እጆቿን ጉልበቷ መካከል ጨመቀቻቸው። እዚያው ተነስታ መሄድ ትችላለች፤ ታክሲ አለ፤ ቦርሳውን ራሱ ይሸከመው። አልተነሳችም። ከመጋረጃው ማዶ የጫማ ድምፅ እስኪሰማ ጠበቀች፤ አልሰማችም። ወንድሟ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

ብዙ ከቆየ በኋላ ቀላቢው «ወጣ» ሲል ተሰማ፤ እንደ ልደት ወሬ። «ወጣልን! ይኸው፣ መብላት ጀመረ።»

«ይጠጉ እንጂ!» አለች ሥራ አስኪያጇ።

የጫማ ድምፅ የለም።

«በግራዎ ነው» አለ ቀላቢው። «በግራ… አይ፣ እሱ ግድግዳው ነው ወንድሜ። ግድግዳውን ነው እያነሱ ያሉት።»

«ምን ሆነው ነው? አሣው እያለቀበት እኮ ነው፣ ይጠጉ!» አለች ሥራ አስኪያጇ።

እህትየዋ መጋረጃው ጋ ተነስታ ቆማለች፤ መቼ እንደተነሳች አታውቅም። ክዳኑ እንደሌለ ባያውቅ ኖሮ ይራመድ ነበር። ዐውቆ እንዴት ይራመዳል? አንድ እርምጃ ወደፊት ቢሄድ ወደ ኩሬው መቅረቡ ይሁን ከኩሬው መራቁ አያውቅም። የሚያድነው አንድ እጅ ነበረ፤ እሱንም ራሱ አስወጣው። ትግባለት ይሆን? ማንም ሳያያት በመጋረጃው ሥር ሾልካ ሹራቡን ብትይዘው ይሠራል፤ ሥዕሉም ይነሳል፤ ቅጥሩም ይጸድቃል፤ እሷም ነገ ዕቃ ቤቱን ትለቃለች። እግሯ እንቢ አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት እግሯ እንቢ ሲላት የመጀመሪያዋ ነው።

«አይታየኝም» አለ ወንድሟ።

ድምፁ ወፍራሙ አልነበረም። ልጅ ሳሉ መብራት ሲጠፋ የሚያወጣው ነበር።

«ስክሪኑ ተበላሸ?»

«ስክሪኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ዳፍንት አለብኝ። ጨለማ ውስጥ ምንም አይታየኝም፤ ድሮም አይታየኝም ነበር። እጄን ውኃው ውስጥ ልክተት ስል አይታ ነው መብራቱን ያበራችው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እስከዛሬ ያነሳሁትን በሙሉ ያየችው እሷ ነች። አሁን የያዝኩትን ተቀበሉኝና ከዚህ አውጡኝ፤ አንድ እርምጃ አልራመድም።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። ከውስጥ ውኃው ሲንቦጨቦጭ ብቻ ይሰማል፤ ነዛሪው የሰው ጉዳይ ሳያስጨንቀው ይበላል። የሥራ አስኪያጇ ድምፅ ወደ መጋረጃው ዞረ።

«አንቺ ልጅ! እዚያ ነሽ? አንቺስ ይታይሻል?»

ቅጥሩ የአንድ ሰው ነው። አይታየኝም ብትል ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ እሱም ቢያንስ ብቻውን አልወደቀም። ይታየኛል ብትል የወንድሟን ቦታ በገዛ ወንድሟ ፊት መውሰዷ ነው። መጋረጃውን ገለጠችው።

«ይታየኛል» አለች።

ሁሉም ታያት። ሥራ አስኪያጇ አፏን በእጇ ይዛለች፤ ቀላቢው ባዶ ባልዲውን ታቅፏል፤ ነዛሪው ከኩሬው መሐል የመጨረሻዎቹን አሣዎች ያሳድዳል። ወንድሟ ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊት ዘርግቷል። የዘረጋው ወደ በሩ፣ ቅድም ወዳቆማት ግድግዳ ነበር፤ ድምፅዋ አስተጋብቶ አሳስቶታል፤ እሷ ግን በመጋረጃው በኩል ገብታ ከኋላው ቆማለች።

«እንቺ» አለ፣ ለባዶው ግድግዳ።

ከኋላው እጇን ሰዳ ልትወስደው ትችል ነበር። በጎኑ ዞራ አለፈች፤ እዚያ አለች ብሎ ያሰበበት ቦታ ላይ ቆመችና ተቀበለችው።